ሂስ ማለት ግምገማ አይደለም

በኅዳር 2016 ዓ.ም. የጁሊ ምህረቱ አንድ ሥዕል ኒውዮርክ ውስጥ በሶዝቢ ጨረታ በ10.7 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። እኔ የምከታተላቸው የቴሌግራም ቻናሎች በዚያ ሳምንት የሠሩት አንድ ነገር ነው፤ ዶላሩን በብር አባዙ። አንዱ በባንክ ምንዛሪ፣ ሌላው በጥቁር ገበያ። ከሥር ባንዲራ፣ እሳት፣ «ኩራታችን!»። ሥዕሉ ላይ ያ ሁሉ መስመር በላይ በላዩ ለምን እንደተደራረበ የጠየቀ አላየሁም። ሥዕሉን አስጠግቶ ያየውም ያለ አይመስለኝም፤ ፎቶው ራሱ በስልክ ስክሪን ላይ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ነበር።

ነገሩን በግልጽ ልበለው። ስለ ዘመናዊ ሥዕላችን በአማርኛ አናወራም። እናጨበጭባለን፣ ዋጋ እንጠራለን፣ ሠዓሊው ሲሞት ደግሞ እናዝናለን። ስለ ሥራው የሚባለው ነገር ማለት ይቻላል ሁሉም በእንግሊዝኛ ተጽፎ ለሚገዛው ሰው ተልኮ ያልቃል። ይሄ የሆነው ድሃ ስለሆንን ወይም ሥዕል «የፈረንጅ ነገር» ስለሆነ አይደለም። ሂስ የሚለውን ቃል ስለተቀማን ነው። የነጠቀን ልማድ ደግሞ ቢያንስ ግማሹ ከቻይና የመጣ ነው። የሚገርመው፣ ቃሉን እንዴት ማስመለስ እንደሚቻል የሚያሳየውም የቻይና ታሪክ ነው።

እኔ የሶፍትዌር ሰው ነኝ። ኢንጂነሪንግ ተምሬ ቀን ቀን ኮድ እጽፋለሁ። ያደግኩት ማሻ፣ በመካነ ሰላም በኩል ነው፤ ጋለሪ የሚባል ነገር ያየሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ። «አንተን ማን ጠራህ?» የምትሉ ካላችሁ ልክ ናችሁ፤ ማንም አልጠራኝም። በሽታው እሱ ነው። ስለ ሥዕል ለመናገር መጠራት ያስፈልጋል ብለን አምነናል።

«ሂስ» ከግዕዙ «ሔሰ» የመጣ ቃል ነው፤ ነቀፈ ለማለት። ንጹህ ቃል ነበር። በ1960ዎቹ ተማሪው የማርክስን፣ የሌኒንንና የማኦን መጻሕፍት ከእጅ ወደ እጅ ሲያቀባብል «ሂስና ግለ ሂስ» አብሮ ገባ። ልማዱ ሞስኮም ነበረ፤ ነገር ግን ጓድ ከጓዱ ፊት ተቀምጦ ሌላውን የሚበልትበት፣ ቀጥሎም ራሱን የሚገላልጥበት መልኩ በተለይ በማኦ ፓርቲ የዳበረ ነው። ማኦ በግንቦት 1942 እ.ኤ.አ. የናን ላይ ጸሐፊዎችንና አርቲስቶችን ሰብስቦ፣ ሥራ በሁለት መስፈርት ይመዘናል፣ አንዱ ፖለቲካ ሌላው ጥበብ፣ ፖለቲካው ይቀድማል አለ። በቃ። ከዚያ ወዲያ የቀለሙ ነገር የትርፍ ሰዓት ወሬ ሆነ።

እኛ ጋ ይህ ልማድ ከህዋስ ወደ ቀበሌ፣ ከቀበሌ ወደ መሥሪያ ቤት ወረደ። ደርግ ተጠቀመበት፤ ኢሕአዴግ ደግሞ ግምገማ ብሎ ቀጠለበት። አሁን ሠላሳ ዓመት ያገለገለ የመንግሥት ሠራተኛ ጋ ሄዳችሁ «ሂስ አለኝ» በሉትና ፊቱን እዩት። ሊከሰስ ነው የሚመስለው። በአማርኛ «ሂስ አቀረበበት» እና «አስጠቆረው» መሃል ያለው ርቀት አንድ ጣት አይሞላም። ስለዚህ ጨዋ ሰው ሂስ አይሰጥም። የኤግዚቢሽን መክፈቻ ላይ ወይን ይዞ «በጣም ደስ ይላል፣ በርታ» ይላል፤ ወጥቶ ማኪያቶ ላይ ሲቀመጥ ደግሞ «ባክህ፣ ያው የድሮውን ነው የሚደጋግመው» ይላል። ውዳሴው በአደባባይ፣ እውነቱ በሐሜት። ሠዓሊው ሁለተኛውን በጭራሽ አይሰማም፤ መስማት የነበረበት ግን እሱን ነበር።

ቻይናዎቹ ከኛ በባሰ ተገርፈውበታል። በባህል አብዮቱ ዘመን ሠዓሊ በአደባባይ ተዋርዷል፣ ሥራው ወድሟል፣ በ«ሂስ» ስም ሰው ሞቷል። ከነሱ በላይ ቃሉን የመጥላት መብት ያለው የለም። ግን ማኦ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1985 እ.ኤ.አ.፣ ቤጂንግ ውስጥ «የቻይና ሥነ ጥበብ ጋዜጣ» የሚባል ሳምንታዊ ወጣ። ሊ ሺያንቲንግ ከአርታዒዎቹ አንዱ ነበር። ጋኦ ሚንግሉ ደግሞ «ሜይሹ» የሚባለው መጽሔት ላይ ይሠራል። ከሃርቢን፣ ከሃንግዡ፣ ከሺያመን ወጣቶች ቡድን እየፈጠሩ የሥራቸውን ፎቶና መግለጫቸውን ይልካሉ፤ እነዚህ አርታዒዎች ያትማሉ፣ ይሞግታሉ፣ ይሞገታሉ። ከዋና ከተማው ውጭ የሚለውን አስምሩበት። በ1986 የሺያመን ልጆች ኤግዚቢሽናቸው ሲያልቅ ሥራዎቻቸውን ከደጅ ከምረው አቃጠሏቸው። ክርክሩ በቻይንኛ ነበር። የውጭ ገዢ ገና አልመጣም፤ በዶላር የሚያባዛም አልነበረም።

የካቲት 5 ቀን 1989 እ.ኤ.አ. ሁለቱ ሰዎችና ባልደረቦቻቸው በቤጂንግ ብሔራዊ ጋለሪ ትልቁን ኤግዚቢሽን ከፈቱ። በተከፈተ በሰዓታት ውስጥ ሺያው ሉ የምትባል ወጣት ሽጉጥ አውጥታ የገዛ ሥራዋ ላይ ተኮሰች። ሥራው ሁለት የስልክ ዳሶች ናቸው፤ ርዕሱ «ምልልስ» ነው። ፖሊስ መጣ፣ ኤግዚቢሽኑ ተዘጋ። ከአራት ወር በኋላ ቲያናንመን ሆነ፤ ጋዜጣውም ዓመቱ ሳያልቅ ተዘጋ። እንግዲህ «ነፃነት ስለነበራቸው ነው» የሚል መልስ ለምትመዙ ይሄ ይበቃችኋል። የነበራቸው አራት ዓመት ነው፤ በአራት ዓመት ግን እስከዛሬ የሚሠሩበትን ቃላት አበጁ።

አንድ ምሳሌ ልጨምር፤ ለእኛ በጣም የሚቀርበው እሱ ስለሆነ። ሹ ቢንግ «የሰማይ መጽሐፍ» ለሚለው ሥራው 4,000 ያህል የፊደል ምልክቶች በእንጨት ላይ በእጁ ቀረጸ፣ አተመ፣ ጠረዘ፣ ከጣሪያ እስከ ወለል ሰቀለ። አንዱም ምልክት እውነተኛ አይደለም። ቻይናዊ ገብቶ ያያል፣ ሊያነብ ይሞክራል፣ አይቻልም፤ የሚያውቀው ይመስላል፣ አያውቀውም። አንድ የወግ አጥባቂው ወገን ሃያሲ ተናዶ፣ ሥራውን በሌሊት መናፍስት እያዞሩት አንድ ቦታ ከሚሽከረከር መንገደኛ ጋር አመሳሰለው፤ የቻይና ገጠር አባባል ነው። ስድብ ነው፣ አዎ። ግን ስንት ፈረንጅ ነው እንደዚህ በትክክል ሊሰድበው የሚችለው? ሥራውን ማየቱ ከስድቡ ያስታውቃል። ከለንደን የመጣ ጎብኚ የሚያየው የሚያምር የቻይና ጽሑፍ ነው፤ መሃይም መሆን ምን እንደሚመስል በገዛ ፊደሉ የሚሰማው ያ ፊደል የቆጠረው ሰው ብቻ ነው።

አሁን ወሰኔ ኮስሮፍን አስቡ። አዲስ አበባ ተወልዶ፣ ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ እስክንድር ቦጎሲያን ጋር ተምሮ፣ አሜሪካ የሚኖር ሠዓሊ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሳለው ፊደላችንን ነው። ፊደሉን ይቆርጠዋል፣ ይዘቀዝቀዋል፣ እግሩን ከሌላው እግር ያሳክረዋል። በእንግሊዝኛ ስለሱ ያነበብኩት ሁሉ ጃዝ፣ ቅኝት፣ ጥንታዊ ፊደል የሚል ነው። እሺ። ግን እኔ ፊቱ ስቆም ዓይኔ ሳልፈቅድለት ማንበብ ይጀምራል፤ «መ»ን ያገኛል፣ «ለ»ን ያገኛል፣ ቃል ሊሆንልኝ ነው ስል ይፈርስብኛል። እዚያ ላይ የሚሰማኝ ነገር ደስታ አይደለም፤ ከንዴት ጋር የተቀላቀለ ናፍቆት ነው። ይሄንን ሊጽፍ የሚችለው ሀ ሁ የቆጠረ ሰው ነው። እኛ ካልጻፍነው የማንም ዕዳ አይደለም፤ የቀረውም ጌጥ ብቻ ይሆናል።

ድሮስ እንዴት ነበር? የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን አለ ፈለገሰላም በ1950 ዓ.ም. ከመሠረተው በኋላ ጥሩ ወሬ ተጀምሮ ነበር። ገብረክርስቶስ ደስታ ከጀርመን ተመልሶ አብስትራክት ሲያሳይ የተናደደም የተደነቀም ነበር። ከሁሉ የተሻለውን የጻፈለት ሰሎሞን ዴሬሳ ይመስለኛል፤ ጽሑፉ በ1967 እ.ኤ.አ. «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» ላይ ወጣ። በእንግሊዝኛ። ልብ በሉ፤ ሰሎሞን «ልጅነት»ን የጻፈ ሰው ነው፣ የአማርኛን ግጥም እንደ አዲስ የሰነጠቀ። አማርኛ አንሶት አይደለም። ገብረክርስቶስም እንዲሁ ነው። አንዱ ሰውዬ ግጥምም ይጽፋል ሥዕልም ይሥላል፤ ግጥሙን በአማርኛ አንብበን እንከራከርበታለን፣ ሥዕሉን በእንግሊዝኛ። ግማሹ ሰውዬ የኛ፣ ግማሹ የኤምባሲ። በሥነ ጽሑፍ በኩል እነ ዘሪሁን አስፋው መማሪያ ሳይቀር ጽፈውልናል፤ የልብ ወለድን ገጸ ባሕርይ፣ ሴራ፣ መቼት የሚሉት ቃላት ዛሬ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አፍ ላይ አሉ። ለሥዕል የትኛው ቃል አለን? የኤልሳቤጥ ወልደጊዮርጊስ ትልቁ መጽሐፍ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥዕል የወጣው፣ እሱም በእንግሊዝኛ ነው። በእሷ አልፈርድም፤ የጻፈች እሷ ናት፤ በአማርኛ ያልጻፍነው እኛ ነን።

አንድ ጊዜ አዲስ አበባ አንድ ጋለሪ ገብቼ (ስሙ ይቅር) ግድግዳው ላይ ያለውን መግለጫ ሳነብ የበሩ ጥበቃ ተጠጋኝ። ስልሳ ዓመት የሚሞላቸው አባት ናቸው። «አንተ ልጅ፣ ምንድነው የሚለው?» አሉኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ፊቱ ቆመዋል። ልተረጉምላቸው ሞከርኩ። «ሊሚናል»፣ «ኢንተሮጌት»፣ «ስፔስ»። በእንግሊዝኛውም አልገባኝም፣ እውነቱን ለመናገር። ትንሽ ጠብቀው «ተወው እሱን። ሴትዮዋ ግን ወንበሩ ላይ አልተቀመጠችም፤ ተንጠልጥላለች። ለምን?» አሉኝ። ዞሬ አየሁ። እውነትም ተንጠልጥላለች! ያ ሁሉ መግለጫ አላየውም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያበሽቀኝ «ሰምና ወርቅ» ነው። ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. መጽሐፉን በዚህ ስም ካወጣ ወዲህ ቃሉ ፓስፖርት አወጣ። ዛሬ አንድ ኢትዮጵያዊ ሠዓሊ ውጭ ሲያሳይ መግለጫው ውስጥ ሰምና ወርቅ ባይገኝ ይገርመኛል። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ግን ይሄን ሲሰማ ይስቃል፤ እዚያ «ሰምና ወርቅ አለው» ማለት ሙገሳ አይደለማ። ጥያቄው ሰሙ ወርቁን ይዞታል ወይ ነው። ተማሪው ቅኔውን ይቆጥራል፣ ከዚያ ሄዶ ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታ ያፈርሱታል፣ ያቃኑታል፣ «ይሄ ቤቱን አልመታም፣ ሂድና መልሰህ ቁጠር» ይሉታል። በሌሎቹ ተማሪዎች ፊት። ማንም አይሞትም፣ ከደረጃም አይወርድም። በኔ ሙያ ይሄ ኮድ ሪቪው ይባላል፤ ፑል ሪኩዌስት ከፍተህ ባልደረባህ መስመር በመስመር ሲያርምህ አትሰደብም፣ «ኤልጂቲኤም» ብሎ ሳያነብ የሚያሳልፍልህ ነው የሚሰድብህ። ዋድላና ዋሸራ ይሄን ከጊትሀብ በፊት ያውቁታል። ሂስ ለኛ ባዕድ ነው የሚለውን ሰው ወደዚያ ላኩልኝ።

«አማርኛ ቃል የለውም» የሚለውም ውሸት ነው። ደጋው ላይ ባና ሲገዛ አይታችኋል? ሴቶቹ ፊቱን አያዩትም፤ ገልብጠው ጀርባውን ነው የሚያዩት። ድሩ ጠብቋል፣ ማጉ ላልቷል፣ ውሉ እዚህ ጋ ጠፍቷል ይላሉ። ስለ ጥለት ሲሆን ደግሞ ቅጥ አለው፣ ቅጥ አምባሩ ጠፍቷል፣ ወዝ የለውም፣ ቀለሙ ይጮሃል። እነዚህ ቃላት ከ«ቴክስቸር» እና ከ«ኮምፖዚሽን» ምን ይጎድላቸዋል? እንዲያውም «ወዝ»ን በእንግሊዝኛ የሚገልጽ ቃል እስካሁን አላገኘሁም። ኦሮምኛም ትግርኛም የየራሱ እንዲህ ያለ ቃል እንዳለው አልጠራጠርም፤ እኔ የማውቀውን አማርኛ ልዘዝ ብዬ ነው።

በነዚህ ቃላት እንሞክረው። ታደሰ መስፍን ወልድያ የተወለደ፣ አሁን ለንደን ድረስ ሥራው የሚታይ አንጋፋ መምህር ነው። «የሕይወት ምሰሶዎች» የሚለው ተከታታይ ሥራው የጉሊት ሴቶችን ይሥላል። ብዙዎቹ ቆመዋል፤ ረጃጅም ናቸው፣ እርጋታ አላቸው፣ ከጀርባቸው ያለው ገበያ ተፍቆ ቀለም ብቻ ሆኗል። ውበቱን አልክድም፤ የቀለሙ ወዝ የሚገርም ነው። ግን የመካነ ሰላምን ገበያ የሚያውቅ ሰው ይጠይቃል፤ የጉሊት ሴት ትቀመጣለች እኮ። ድንች፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ መሬት ላይ ዘርግታ ቁጭ፣ ቀኑን ሙሉ፣ ወገቧ እስኪንቀጠቀጥ። እሱ ለምን አቆማት? አንዱ መልስ ክብር ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ቅዱሳን እንደሚቆሙ አቆማት። ሌላው መልስ ደግሞ ሸክሙን አነሳላት የሚል ነው፤ የሚገዛው ሰው ሳሎን ውስጥ ስትሰቀል እንዳታሳቅቅ። እኔ ወደ መጀመሪያው አዘነብላለሁ፣ ግን ሁለተኛው አይለቀኝም። ይሄ ስድብ ነው? አይደለም። ሥራው ይህን ያህል ጥያቄ ስለሚችል ነው።

ወይም ኤልያስ ስሜ። «ታይትሮፕ» የሚላቸው ሥራዎቹ ከመርካቶ በተገዛ ማዘርቦርድ፣ የኪቦርድ ቁልፍና የኤሌክትሪክ ሽቦ የተሠሩ ናቸው። ሽቦውን እንደ ሹሩባ ይጎነጉነዋል። ከሩቅ ከአውሮፕላን የታየ ማሳ ይመስላል። እንግሊዝኛው ሁሉ «ኢ-ዌስት» ይለዋል፤ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ። እዚህ ላይ ነው ትርጉሙ የሚዋሸው። ማዘርቦርድ ለኛ ቆሻሻ ሆኖ አያውቅም። ቆራሌው ከየቤቱ ይገዛዋል፣ ምናለሽ ተራ ይደርሳል፣ እዚያ አንድ ልጅ ፈትቶ የሚሠራውን ራም ያወጣለታል፣ ያ ራም ሌላ ላፕቶፕ ውስጥ ሌላ አምስት ዓመት ይኖራል። እኔ ኮድ የተማርኩበት ላፕቶፕ እንደዚያ ተገጣጥሞ የተገዛ ነው። ስለዚህ ኤልያስ ቆሻሻ አላዳነም፤ ከጠጋኙ ጋር ተጫርቶ ዕቃ ገዛ። ለኔ ይሄ ሥራውን አያሳንሰውም፤ ያከብደዋል፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ቺፕ ገና መሥራት ይችል እንደነበር እያወቅኩ ነው የማየው። ለኒውዮርክ ተመልካች ይህ ክብደት የለም። ማን ይንገረው?

በ2024 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ቬኒስ ቢየናሌ ላይ የራሷን ድንኳን ከፈተች፤ ሠዓሊው ተስፋዬ ኡርጌሳ፣ የታደሰ መስፍን ተማሪ፣ ጀርመን ዓመታት ኖሮ የተመለሰ። ያየሁት የአማርኛ ዜና «ለመጀመሪያ ጊዜ» ላይ ቆመ። አካላቱ ለምን እንደዚያ እንደተጠላለፉ፣ የማን ክንድ የማን እንደሆነ ለምን እንደማይታወቅ፣ ዓይኖቹ ለምን ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የተበደረ እንደሚመስሉ ዝም።

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ ከሠዓሊ ጓደኞቼ የሰማሁት ነው። «በዓመት አንድ ሥዕል የሚሸጥ ሰው ላይ ሂስ ጽፈህ እንጀራውን ልትዘጋ ነው?» አልቀልድበትም። ግን እስኪ ገበያውን እንየው። የፋንግ ሊጁን የሚያዛጋ ሰው በ1993 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ ታይምስ መጽሔት ሽፋን ላይ ሲወጣ የቻይና ሥዕል ዋጋ ገና መነሳቱ ነበር፤ በ2013 የዜንግ ፋንዢ አንድ ሥዕል ሆንግ ኮንግ 23.3 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ሊ ሺያንቲንግ ለነዚያ ሥዕሎች ያወጣው ስም፣ «ሲኒካል ሪያሊዝም»፣ በቻይንኛ ክርክር ውስጥ የተወለደ ነው፤ ገዢው ተከትሎት መጣ። ያ ገበያ በኋላ ስንቱን ሠዓሊ አንድ ፊት እያባዛ እንዲኖር እንዳደረገውም የታወቀ ነው፤ ክርክሩን ገንዘቡ ሲውጠው የሚሆነው እሱ ነው። እኛ ግን ያለ ክርክር በቀጥታ ወደ መባዛቱ የገባን ይመስለኛል። ስንት መስቀል፣ ስንት ጀበና፣ ስንት ትልልቅ ዓይን ዘንድሮ ተሰቀለ?

እርግጥ ይሄ ጽሑፍ ራሱ ኢንተርኔት ላይ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ የተቆረጠበት አካባቢ ልጅ ነኝና ማን እንደማያነበው አውቃለሁ። ማሻ ያሉ የሚሥሉ ልጆች አያነቡትም። እናንተ ግን አንብባችሁታል፣ አብዛኞቻችሁም ከጋለሪ በታክሲ ሠላሳ ደቂቃ ናችሁ፤ መግቢያውም ብዙ ጊዜ ነፃ ነው። ከዚያ የምፈልገው ትልቅ ነገር አይደለም። ስትገቡ መግለጫውን መጨረሻ አንብቡ። መክፈቻ ላይ «በርታ» ከማለት አንድ ነገር ጠይቁ፣ ጮክ ብላችሁ፣ ሠዓሊው ባለበት። ቤት ስትደርሱ ሦስት መቶ ቃል ጻፉ፤ ባትወዱት ለምን እንዳልወደዳችሁት፣ የትኛው ጥግ ላይ ውሉ እንደጠፋ። ባለ ጋለሪዎች ደግሞ፣ ያ በእንግሊዝኛ የምትሰቅሉት አንድ ገጽ በአማርኛም ይሰቀል፤ ኤ-ፎር ወረቀት ነው። የሚተረጉም ካጣችሁ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ባዶ ነኝ፤ «ሊሚናል» የሚለውን ግን አልተረጉምም።